ስምንት ቀን ለስንት ተራራ?

(የማኅበራችን የጉዞ ኮሚቴ ደሴ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ብድር አመላለስ አይደለም፤ ስለ ዕረፍት ነው። በመካከላችን ለቅሶ፣ ሠርግ ወይም ጠበል ካልሆነ በስተቀር ከቤቷ ውጭ አድራ የማታውቅ ብዙ ሴት አለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ ደግሞ ብዙዎቻችን ቤታችንን ዘግተን የወጣነው ልጅ አዝለንና ስንቅ ሳንይዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ «መንገድ» ሲባል ሽሽት የሚታወሳት እናት አለች። በራሳችን ፈቃድ፣ ቀኑን ቆርጠንና ስንቃችንን ቋጥረን፣ እየተሳሳቅን መንገድ ብንወጣ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለዚህ ጉዞ እያንዳንዳችን ከወር መዋጮ ለይተን ስናስቀምጥ ቆይተናል። ደጋፊዎቻችንም እንድታውቁልን የምንፈልገው ይህንን ነው፤ ለብድርና ለሥልጠና ከሰጣችሁን ገንዘብ አንድ ብር ወደ ጉዞው አይገባም። የራሳችን መዋጮ በመሆኑም አጠቃቀሙን እኛው ተነጋግረን መወሰን አለብን።

ኮሚቴው ከአባላት ሦስት ሐሳብ ተቀብሏል። ወጣቶቹ ስሜንን ማየት ይፈልጋሉ። ሌሎች ላስታና ላሊበላ ይሻላል ይላሉ። እናቶች ደግሞ ሩቅ ከመሄድ እዚሁ ሐይቅና አምባሰል ይበቃናል ብለዋል። አራተኛም ሐሳብ ነበር፤ ማንም ቅር እንዳይላት ለሁሉም ቦታ እኩል ቀን እናካፍል የሚል። ይህ አራተኛው ለጆሮ ደስ ይላል፤ እኛም አስቀድመን የመረመርነው እሱን ነው።

ቀኑ ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ ያለንን ቀን እንወቅ። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የምትሠሩ እህቶች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሰጣችሁ መብት አለ። አንድ ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ከነደመወዟ ታገኛለች፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርላታል። ሠራተኛዋ ጠይቃ አሠሪዋ ከተስማማ ፈቃዱን ለሁለት ከፍሎ መውሰድም ይቻላል። ሥራ ላይ እያሉ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ ግን ሕጉ ይከለክላል፤ ምክንያቱም ፈቃድ የተሰጠው ሰው እንዲያርፍበት ነው። ስለዚህ ፈቃድ ስትጠይቁ ልመና አታድርጉት፤ ቀኑን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስታውቁ።

ንግድ ላይ ያለን ሴቶች ግን ፈቃድ የሚሰጠን የለም። እንጀራ የምታቀርብ ሴት ለስምንት ቀን ብትጠፋ ደንበኛዋ ሌላ ጋ ይሄዳል። ሰኞ ገበያ የምትውል ሴት ሁለት ሰኞ ካለፋት የወሩ ሒሳብ ይዛባባታል። የምታጠባ አለች፤ አልጋ ላይ የዋለ ሰው የምታስታምም አለች። ከዚህ ተነሥተን ጉዞው እሑድ ተጀምሮ በሚቀጥለው እሑድ እንዲያልቅ አሰብን። ስምንት ቀን፣ ሰባት አዳር፤ የሚያልፈን አንድ ሰኞ ብቻ ነው። ከዓመት ፈቃድም የሚሄደው ስድስት የሥራ ቀን ነው።

መንገድ ቀን ይበላል

አሁን አራተኛውን ሐሳብ ቀን በቀን እንዘርዝረው። እሑድ ከኮምቦልቻና ከደሴ ተነሥተን ግሸን እናድራለን። ሰኞ ወደ ላሊበላ። ማክሰኞ ላሊበላን እናያለን። ረቡዕ በጋሸናና በነፋስ መውጫ አድርገን በወረታ ወደ ጎንደር። ሐሙስ ጎንደርን ለቀን ደባርቅ፣ ከዚያ ከሰዓት በኋላ ፓርኩ ውስጥ ገብተን አዳር። ዓርብ ወደ ጎንደር መመለስ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ተጉዘን ወልድያ ማደር። እሑድ ቤት መግባት።

ከስምንቱ ቀን ተራራ ላይ ተረጋግተን የዋልንበትን ብንቆጥር ማክሰኞና የሐሙስ ግማሽ ብቻ ነው። የቀረው የመኪና ወንበር ነው። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር፣ ከወልድያ ወረታ ድረስ የቻይና መንገድ የምንለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ጎንደር 120 ያህል፣ ከጎንደር ደባርቅ 100 ያህል ነው። ድምሩ በአንድ በኩል ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሰው የሞላው ቅጥቅጥ በዚህ ሁሉ ዳገትና ጠመዝማዛ በሰዓት በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 16 ሰዓት ነው። ቁርስ፣ ምሳና ለሽንት መውረድ ሲታከልበት በአንድ ቀን የሚገፋ አይደለም። ስሜን ለእኛ ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ ነው። ከስምንቱ አራቱ አለቁ ማለት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ አልፕስ ተራሮች 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አላቸው፤ ስምንት አገር ይነካሉ። እዚያ መኪና ይዘው የሚዞሩ ሰዎችም ያላቸውን ጥቂት የዕረፍት ቀን ለስዊዘርላንድ፣ ለኦስትሪያና ለጣሊያን ተራሮች ለማካፈል ይቸገራሉ። ካርታ ላይ ሲያዩት ጎረቤት የመሰለው ቦታ ተራራ ዞሮ የሚደረስበት ሲሆን ቀኑ ይሄዳል። በጣሊያን ያለው የታወቀው የስቴልቪዮ መተላለፊያ በአንድ በኩሉ ብቻ 48 እጥፋት አለው፤ ከፍታው 2,757 ሜትር ነው፤ በክረምታቸውም በረዶ ይዘጋዋል። እኛ ለእንዲህ ያለው መንገድ እንግዳ አይደለንም። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአዲስ አበባው መንገድ የምናውቀው ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የተራራ መንገድ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት እንደሚለካ ለወሎ ሴት መንገር አያስፈልግም፤ ሐረጎን በጉም ወርዳ ታውቃለች።

አዳርን እንቁጠር

ስለዚህ ኮሚቴው አንድ መለኪያ ይዟል፤ የምናያቸውን ቦታዎች ሳይሆን በአንድ ቦታ የምናድረውን ሌሊት እንቁጠር። አመሻሽ ገብተን ማለዳ የምንወጣበት ቦታ አየነው አይባልም። የመጀመሪያው ቀን ሻንጣ ማውረድና አልጋ መደልደል ነው። ሁለተኛው ቀን ግራና ቀኙን መልመድ ነው። አካል ከድካሙ የሚላቀቀው፣ ወሬውና ሳቁ የሚደምቀው በሦስተኛው ቀን ነው። ሦስት ቀን ያልተቀመጥንበት ተራራ የሚተርፈን ፎቶ ብቻ ነው።

ሌላው ምክንያት ጤና ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጣ አንዳንዱን ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይይዘዋል። ዕድሜም ጉልበትም አይመርጥም። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድር ሰው በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳይጨምር ይመከራል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በስሜን ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 ይበልጣል። እየተቻኮልን ከሄድን በሁለተኛው ቀን የታመመች እህት ይዘን መመለስ ይመጣል። ነፍሰ ጡሮች፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም አስም ያለባችሁ እናቶች ከመመዝገባችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ተራሮቹ ምን ይሰጡናል?

ከቅርቡ እንጀምር። ጦሳ ከደሴ ራስጌ ነው፤ ማለዳ ወጥቶ ለምሳ ቤት መመለስ ይቻላል። ኮምቦልቻዎችም የጎፍ ደን አጠገባችሁ ነው። እነዚህ የዓመት ፈቃድ አይፈልጉም፤ በየወሩ አንድ እሑድ ይበቃቸዋል። እንዲያውም ለትልቁ ጉዞ እግር ማፍታቻ እንዲሆኑን ከአሁኑ እንድንጀምር እንጠይቃለን።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው 1,900 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ ከደሴ ብርድ ለሚሸሽ ሰው ይሞቃል። ከእሱ ከፍ ብሎ ደግሞ አርዲቦ አለ። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ የተመሠረተው የሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ሴቶችን አያስገባም። ስለዚህ ሐይቅ የምንሄደው ገዳሙን ልንጎበኝ ሳይሆን ከውሃው ዳር ልንቀመጥ፣ ዓሣ ልንበላና አርዲቦ ድረስ በእግር ልንሄድ መሆኑን አውቀን ነው።

የአምባሰሏ ግሸን ደብረ ከርቤ ለብዙዎቻችን የተሳልንባት ቦታ ናት። መስከረም 21 ቀን ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን መንገዱን ይሞላዋል። ኮሚቴው ግን ሳላትንና ዕረፍትን ባንቀላቅል ይሻላል ይላል። ግሸን የሚሄዱ ከጸበልተኞቻቸው ጋር በቀናቸው ይሂዱ፤ ሙስሊም እህቶቻችንም ለጀማ ንጉሥ መውሊድ በጊዜያቸው ይውጡ። የማኅበሩ ጉዞ ሁላችንም አንድ መኪና ውስጥ የምንቀመጥበት ይሁን።

ወደ ደቡብ የመንዝ ጓሳ አለ። በሐርቡ፣ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት ቆላውን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወጥቶ፣ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ ይታጠፋል። የጓሳን ሣር የመንዝ ሰው ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ከልሎ ሲጠብቀው ኖሯል፤ የሚታጨድበትን ጊዜም አብሮ ይወስናል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የተረፉት በዚያ ሥርዓት ነው። ቅሬና ዕቁብ ለምናውቅ ሴቶች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ይሁንና ቦታው በጣም ብርድ ነው፣ ማረፊያውም ውስን ነው፤ ለመጀመሪያ ጉዞ ብዙ ሰው ይዞ መሄጃ አይደለም።

ላስታ ከደሴ በወልድያና በጋሸና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ደሴ የለመደ ሳንባ አይቸገርባትም። 11ዱ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። አንዱን ቀን ለእነሱ እንሰጣለን። ሌላውን ቀን ከከተማው በላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም በእግር ወይም በበቅሎ መውጣት ይቻላል። ሦስተኛውን ቀን የፈለገች በዋሻ ውስጥ የተሠራውን ይምርሐነ ክርስቶስን ታያለች፤ እግሯን የምታምን ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚዘልቀው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የተወሰነ መንገድ ትወጣለች፤ ያልፈለገች ቡናዋን አፍልታ ትውላለች። ማታ ሁላችንም ዝቅ ብለን ከተማው ውስጥ እናድራለን።

ላስታን የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለ። በመቄትና በላስታ ደጋ ገበሬዎች ተደራጅተው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች አሉ። እንግዳ ያርፋል፣ ገቢው ለአካባቢው ሰው ይሆናል። ምግብ ከማብሰል፣ ከአልጋ ንጽሕናና ከሒሳብ አያያዝ ጀምሮ ሥራው እኛ እዚህ ልንሞክረው ከምናስበው ጋር ይዛመዳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከእነሱ ጋር ተቀምጠን ብንጠይቅ ለዳቦ ቤትና ለምግብ ዝግጅት ቡድኖቻችን ብዙ ይጠቅማል።

የምናቀርበው አከፋፈል

እንግዲህ ስምንቱን ቀን እንዲህ አከፋፍለነዋል።

እሑድ፦ ከኮምቦልቻ ማለዳ ተነሥተን ደሴዎችን ይዘን ወልድያ እንገባለን። መንገዱ አጭር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ነው። ወልድያ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለኮምቦልቻዎች ከፍታው በመጠኑ ይጨምራል።

ሰኞ፦ ድልብን ወጥተን በጋሸና ላሊበላ።

ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ፦ ሦስት ሙሉ ቀን ላስታ። በአንድ ማረፊያ አራት ሌሊት፤ ሻንጣ የሚፈታው አንድ ጊዜ፣ የሚታሰረው አንድ ጊዜ።

ዓርብ፦ ወደ ሐይቅ መመለስ። ረጅሙ የመንገድ ቀን ይኸው ነው።

ቅዳሜ፦ ቀኑን ሙሉ ሐይቅ ዳር።

እሑድ፦ ከቁርስ በኋላ ወደ ቤት።

ሐይቅን መጨረሻ ላይ ያደረግነው በምክንያት ነው። ስምንት ቀን ከቤቷ መራቅ የማትችል እህት አለች ብለናል። እሷ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሐይቅ ትመጣለች። የሚያጠቡ ልጃቸውን ይዘው ይምጡ። ከላስታ የተመለሱትና ከቤት የመጡት ቅዳሜ በአንድ ገበታ ይቀርባሉ። ጉዞውን ያልቻለች አባል የጉዞውን ወሬ ከሌላ ሰው እንድትሰማ አንፈልግም። የመጓጓዣ ሒሳቧም ባልሄደችበት መንገድ ልክ ይቀነስላታል።

ምግብን በተመለከተ፣ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ደግሞ ይለያል። ስለዚህ የጋራ ምግባችን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ይሁን፤ ሥጋ የፈለገች ለየብቻ ታዛለች። ሽሮ ሁላችንንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ያስቀምጣል። ስንቅ ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ፤ ለብርዱ ጋቢ አይረሳ።

ወቅቱን ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር አጋማሽ አድርገነዋል። የክረምቱ ጉምና ጭቃ አልፏል፤ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ ለገና ላሊበላ ስለሚጨናነቅ አልጋ ማግኘት ያስቸግራል፤ ዋጋውም ይንራል።

መንገድ ካልፈቀደስ?

የምንኖርበትን ጊዜ ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ ኮሚቴው ደንብ አውጥቷል። ከመነሣታችን ሦስት ቀን ቀድሞና ዋዜማውን፣ ከወልድያና ከላሊበላ ዘመድና ሾፌር እየደወልን የመንገዱን ሰላም እንጠይቃለን። አንድ ጥርጣሬ ካለ ላስታ ይቀራል። በጨለማ አንጓዝም። ለመኪና ኮንትራት ቀብድ ስንሰጥ ቀኑ ቢዛወር ቀብዱ እንደማይቀልጥ በጽሑፍ እናስፈርማለን።

ላስታ ቢቀር ሁላችንም ዓርብ ተገናኝተን ሐይቅ እንሄዳለን፤ ከፋብሪካ የተወሰደውም ፈቃድ በቤት ዕረፍት ይሆናል። ሐይቅም የማይሆን ከሆነ ጦሳና የጎፍ አሉ። ዕቅዱን ከሩቅ ወደ ቅርብ እንዲታጠፍ አድርገን የሠራነው ለዚህ ነው። ስሜንን ጨምረን ብናቅድ ኖሮ አንድ ቦታ ሲበላሽ ሁሉም ይበላሻል።

ወጣት አባሎቻችን ቅር እንደሚላችሁ እናውቃለን። ራስ ደጀን በአገራችን ከሁሉ የሚበልጠው ተራራ ነው፤ ከፍታው ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ዋልያም ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ይህን ለማየት መመኘት ተገቢ ነው። የምንላችሁ ግን ስሜንን በሌላ ጉዞ ትርፍራፊ ቀን አትዩት ነው። ለብቻው ዓመት እንስጠው። አራት ቀን ለመንገድ፣ ቢያንስ አራት ቀን ለተራራው ይዘን፣ በደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበንና ጥበቃ ይዘን እንሂድ። ለዚያ የሚሆን የቁጠባ ሣጥን ከዚህ ጉዞ በኋላ ወዲያው ይከፈት፤ ኃላፊነቱንም ከወጣቶቹ ሁለት ሰው ይያዘው።

ከውጭና ከአዲስ አበባ እየመጣችሁ የምትጠይቁን ደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ብዙ ጊዜ የምትመጡት ሰሜኑን ሁሉ በአንድ ሳምንት ልታዩ ነው፤ ደሴ ምሳ በልታችሁ ታልፋላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ሌሊት ለደሴና ለኮምቦልቻ መድቡ። ጦሳን አብረን እንውጣ፤ የምትደግፉትን ሥራም በስብሰባ ሳይሆን በየቤታችን ገብታችሁ እዩት።

አሁን ውሳኔው የእናንተ ነው። በመጀመሪያ በአከፋፈሉ ላይ፣ ቀጥሎ በወቅቱ ላይ እጅ እናወጣለን። የምትቃወም እህት ያለ ሐፍረት ትናገር፤ የተሻለ አከፋፈል ያላት ቀኑንና ሰዓቱን ቆጥራ ታቅርብልን። ከዚያ በኋላ ስም መመዝገብ ይጀመራል፤ ስምንቱን ቀን የምትሄዱ በአንድ ዝርዝር፣ ሐይቅ የምትቀላቀሉ በሌላው።

አብሽሩ፤ ተራራው የትም አይሄድም። ዘንድሮ አንዱን በቅጡ እናርፍበት፤ የቀረውን በየዓመቱ እንወጣዋለን።